በልጅህ እጅ

አልተኛሁም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የቀኑ ስድስት፣ እዚህ አሥራ ሁለት የሚሉት፤ እኔ ደግሞ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ሰዓት ላይ ስድስት እየቀነስኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሌሊቱን የሆቴል አንሶላ ሳጥብና ሳጥፍ አድሬ፣ ጠዋት ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ጋደም ስል፣ እንቅልፍ እንደተኮራረፈ ዘመድ በደጄ ያልፋል እንጂ አይገባም። ፀሐይዋ መጋረጃው ላይ ባለችው ቀዳዳ ሾልካ ወንበሩን አግኝታዋለች። ወንበሩ ላይ መጽሐፉ አለ። ትናንት ነው የደረሰው። ካርቶኑን በሽንኩርት ቢላ ቀድጄ አወጣሁት፣ አሸተትኩት፣ አዎ አሸተትኩት፣ ማን ያየኛል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ጀርባዬን ሰጠሁት። ጀርባ መስጠት እችልበታለሁ። ዛሬ ግን ለአባዬ እነግረዋለሁ። ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎት ሲነሳ፣ እህቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ስትይዝለት፣ ያን አሥራ ሁለት ዓመት የዋጥኩትን ነገር አወጣዋለሁ። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር። ያለፈው ሳምንትም። ወሬኛ።

መጽሐፉ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ወንዝ ዳር ስለሚኖር አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሚያወራ፣ መቶ ሃያ ገጽ የማይሞላ፣ ጥጋጥጉን አይጥ የቀመሰው ልቦለድ ነው። አባዬ አስተማሪ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰው ባል ደመወዙን ይጠጣል፣ የኔው ያነበዋል ትል ነበር። አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ ነበረው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ያውሳል፤ ግን ደንብ አለው። በየመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ የወሰደውን ሰው ቅጽል ስምና የወሰደበትን ቀን ይጽፋል። ሲመለስለት ማስመሪያ አምጥቶ፣ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። ከሱ በቀር ማንም አይሰርዝም። ያልተሰረዘ አልተመለሰም ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ፣ እንደ ሕግ አውጪ። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። እህቴ አንዴ ጨው ለጎረቤት አበድራ ግድግዳው ላይ ስማቸውን ጽፋ ተገኘች።

ጋሽ መርፌ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ነበር ልበል። ቀጭን ስለሆነ ነው መርፌ ያሉት ይላል አንዱ፤ የለም፣ እየወጋ ስለሚናገር ነው ይላል ሌላው። ከአባዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ካልመጣ የሌላው ሻይ አይጣፍጠውም። መጽሐፍ ይወስዳል፣ ሲመልስ ደግሞ አልብሶ ነው የሚመልሰው፤ ከተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩን በመኪናው ዚግዛግ ሰፍቶ። "መጽሐፍህን ብርድ መቶት ነበር" ይለዋል። አባዬ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ትምህርት ቤት ይግባ?" ይለዋል። በዚሁ ይስቃሉ፣ በየጊዜው በዚሁ፣ እንደ አዲስ። ጋሽ መርፌ ዝንጉ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ ይላል። ይህን ዝንጉነቱን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የተኛሁት፣ የተኛሁትን ያህል፣ እሱ ላይ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነው። ከበራችን ቆሜአለሁ። አባዬ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል፤ ሲያልፍ ለጋሽ መርፌ ነግሮታል። ጋሽ መርፌ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "ይኸው ለአባትህ። እጁ ላይ ስጥልኝ፣ እሺ? ሌላ ቦታ እንዳታስቀምጠው።" "እሺ ጋሼ።" እጁ ላይ አልሰጠሁም። ሦስት ቀን ፍራሼ ሥር አሳደርኩት፤ በአራተኛው ቀን ከሌሎች ሦስት ጋር ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ተራ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ የሚዘረጋው ሰውዬ ጋ ወሰድኳቸው። ለፓስፖርት የጎደለኝ ነበር። ሰረቅሁ አላልኩም፤ ተዋስኩ ነው ያልኩት ለራሴ፣ ውጭ ወጥቼ መቶ እጥፍ እመልሳለሁ። ሌሎቹን አባዬ እስከ ዛሬም ልብ አላላቸውም። የጀልባ ቀዛፊው ግን እናቴ ታማ ተኝታ ሳለች ከራስጌዋ ተቀምጦ፣ ድምፁን እየለዋወጠ ያነበበላት መጽሐፍ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኛል። አውቅ ነበር። ከመጻሕፍቱ መሀል አንስቼ ስሸጠው የመጨረሻውን ገጽ እንኳ አልገለጥኩም።

ከዚያ የሆነው ሆነ። "መርፌ፣ መጽሐፌስ?" "መልሻለሁ እኮ።" "አልመለስክም፣ ብትመልስ እሰርዝህ ነበር።" በቀልድ ተጀመረ፤ በሳምንቱ ቀልዱ አለቀ፤ በወሩ ሰላምታው አለቀ። ሽማግሌ ገባ። ሦስት ሽማግሌዎች የኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። ጆጉ እጄ ላይ ነው። ትልቁ ሽማግሌ "መለስክ?" ይሉታል። "መልሻለሁ።" "ለማን?" ጋሽ መርፌ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ብርጭቆውን እሞላለሁ፣ ሞልቶ ይፈሳል፣ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ። "መልሻለሁ አልኩ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም" ይላል። አባዬ ከተቀመጠበት ይነሳል። "ጠፋብኝ በለኝ፣ እግዜር ያውቃል ይቅር እልህ ነበር። የጠላሁት ውሸትህን ነው።" ጋሽ መርፌ ባርኔጣውን አነሳ። በር ላይ ሲደርስ የኔን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ረስቶታል አልኩ። ለማን እንደሰጠ ረስቶታል፣ ያ ዝንጉ ሽማግሌ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚፈልገው ሰው። ረስቶታል፣ ረስቶታል፣ ረስቶታል። አውሮፕላን ውስጥም ይህንኑ እያልኩ ነው የመጣሁት።

ኮቴን የሰፋልኝ እሱ ነው። ከአባዬ ጋር በተኮራረፉ በአምስተኛው ወር፣ እኔ ልሄድ ስል፣ በጓሮ በር አስጠርቶ ለካኝ። ከውስጥ በኩል ለፓስፖርቴ ድብቅ ኪስ አበጀልኝ። ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ "እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ ለአባትህ ደብዳቤ ጻፍ፣ የሚጻፍ ነገር አታጣም" አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ኮቱ አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ክርኑ አልቋል። የሰው ኮት ስለብስ ብብቴ ሥር ይይዘኛል፣ እሱ ግን ልኬን አውቋት ነበር።

አሥራ አንድ ወር ይሆናል፣ እህቴ ደወለች። ፈረቃ ላይ ነኝ፤ ማድረቂያው እየጮኸ አልሰማ ብሎኝ ደረጃው ሥር ሄድኩ። "ጋሽ መርፌ አረፉ።" "አባዬስ?" "በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ስለምነው ዋልኩ፣ ሬሳው በደጃችን ሲያልፍ እንኳ አልወጣም። ሰው ሁሉ አየው። ውሸታም ቆሜ አልቀብርም አለ።" እኔ ምን አልኳት? ነፍስ ይማር አልኩ። እንደ ሩቅ ሰው። ከዚያ ተመልሼ መቶ ሃያ አንሶላ አጠፍኩ፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ አንዱም አልተዛነፈም።

ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው። መጽሐፉን ባገኝ አባዬ ዘንድ ልልክ፣ ሰው ቤት ተገኘ ልል፣ የራሴን ስም ሳልጠራ ጋሽ መርፌን ላጸዳው፤ ይኸው ነበር ብልሃቴ። ሞኝ ሲብለጠለጥ እንደዚህ ነው። እህቴን አውቶቡስ ተራ ላክኋት፤ ቦታው መንገድ ወጥቶበት ሻጩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ግን ያ ሰውዬ ፈረንጅ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው ነበር፣ አሮጌ ነገር ለእንግዳ መሸጥ ይወዳል፤ ማን ያውቃል አልኩና በስልኬ፣ አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጥባቸው ገጾች ሁሉ ገባሁ። ፊደላችንን የሚያውቅ ማሽን የለም። አርዕስቱን በነሱ ፊደል በአርባ ዓይነት ጻፍኩት። አንዱ ገጽ አልተገኘም ይለኛል፣ ሌላው እኔ እሻላለሁ ብሎ ጀልባ መቅዘፊያ የሚመስል የስፖርት ዕቃ ያመጣልኛል፤ ሰው መሆንህን አረጋግጥልን ይልና ደረጃ ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ይለኛል። እመርጣለሁ። አብሮኝ የሚኖረው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ በሩን ገፋ አድርጎ "አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ትጋትህ ሚስት ፈልገህበት ቢሆን እስካሁን ሦስት አግብተህ አራተኛዋን ፈትተህ ነበር" ይለኛል። መጽሐፍ ነው የምፈልገው አልኩት። "ምን ያለበት?" አለ። ወደ ስልኬ ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ አይቀልድብኝም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ መፈለጉን ተውኩ፣ ዝም ብዬ ፎቶ ብቻ ማየት ጀመርኩ። በአርዕስት ሳይሆን፣ ቋንቋቸው የማይታወቅ የሚባሉትን። እዚያ አገኘሁት። ተዘቅዝቆ ነው ፎቶ የተነሳው። "ያረጀ መጽሐፍ። ቋንቋው አይታወቅም። በእጅ የተሠራ የጨርቅ ሽፋን። መጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፎበታል። ለመደርደሪያ ማስጌጫ ያምራል።" ሰማያዊ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩ ዚግዛግ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ክር አልቆበት በሌላ ቀለም የተቀጠለ። እኔ በቀን ሺህ ስፌት የማይ ሰው ነኝ። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሻጭዋ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፣ የሞተ ሰው ቤት ሲጸዳ አሮጌ ነገር እየለቀመች የምትሸጥ። ጻፍኩላት፤ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሽልኝ አልኳት። በማግስቱ ላከችልኝ። ከሥሩ "ንጹሕ ባለመሆኑ አዝናለሁ፣ ስለተጻፈበት ቅናሽ ላደርግልህ እችላለሁ" ብላለች።

የአባዬ ጽሕፈት። ነርሷ፣ ፖስተኛው፣ ባለ ወፍጮው፣ ዳግም ነርሷ፣ ሁሉም በቀይ የተሰረዙ፣ በማስመሪያ። መጨረሻ ላይ፣ መርፌ። የሱ ስም በማስመሪያ አልተሰረዘም። ወፍራም፣ ጨርቅ ላይ ምልክት በሚያደርግበት እርሳስ፣ ተንጋዶ ተሰርዟል፤ ከጎኑ ጽፏል። "ደንብህን ስላፈረስኩ ይቅር በለኝ፣ ራሴ ሰርዤዋለሁ። ነገ ወደ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁና ስሜ ሳይሰረዝ መንገድ አልወጣም ብዬ ነው። ኀሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በልጅህ እጅ መልሻለሁ።"

አልረሳም ነበር። ቀኑን ከነሰዓቱ ያውቀዋል። ያን ዕለት ጆጉን ይዤ ስቆም፣ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ያውቃል። ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርግ ያውቃል። ሲለካኝ፣ ስፒሉን በከንፈሩ ይዞ፣ ያውቃል። ውሸታም ተብሎ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ሰፈር ሲኖር፣ ሲሞት፣ ያውቃል። ከዚህ በኋላ ሰው ቤት ተገኘ ማለት እንዴት ይቻላል? ቅናሹን አልፈልግም ብዬ ጻፍኩላት።

ሰዓቱ ደረሰ። ደወልኩ።

"አባዬ።"

"አቤት የኔ ጌታ። አልተኛህም እንዴ?"

"አልተኛሁም። አባዬ፣ መጽሐፉን አገኘሁት። የጀልባ ቀዛፊውን።"

ከኋላው ሬዲዮ ነበር፤ "አጥፊው እስቲ" ሲላት ሰማሁ። "ከየት?"

"እኔ ነኝ የሸጥኩት። ጋሽ መርፌ መልሶት ነበር። ላንተ ስጥ ብሎ ለኔ ነው የሰጠኝ።" እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አልቆ ወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት የከበደኝ ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

አባዬ "የመጨረሻውን ገጽ አንብብልኝ" አለ። አነበብኩ። ነርሷ ስል "ተመልሷል" ይላል። ፖስተኛው ስል "ተመልሷል"። ባለ ወፍጮው። "እሱ አዘግይቷል፣ ግን ተመልሷል።" መርፌ አልኩ። ምንም አላለም። የጻፈውን አነበብኩለት።

"በምንድን ነው የጻፈው?"

"በጨርቅ ምልክት ማድረጊያው እርሳስ።"

"ጽሑፉ ወደ ግራ ይጋደማል?"

"ወደ ግራ ነው አባዬ።"

"እሱ ነው" አለ። "የሱ እጅ ነው።" ከዚያ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ደህና ዋል አላለኝም። እህቴ አነሳችው። "ምን አልከው? ምንድን ነው የነገርከው? ኮቱን እየፈለገ ነው።"

አሁን ልጠብቅ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ። ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ወንበር ይጎትታሉ። መጽሐፉን አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ፀሐይዋ ከወንበሩ ወርዳ ግድግዳው ላይ ወጥታ ጠፋች። አብሮኝ የሚኖረው ሊነዳ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና፣ ምንም ሳይጠይቅ ሻይ አፍልቶ አጠገቤ አስቀምጦልኝ ሄደ። ቀዘቀዘ። ለሥራ ልወጣ ዩኒፎርሜን እያጠለቅሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

እህቴ ናት፣ በሹክሹክታ። አባዬ ጋሽ መርፌ ቤት ሄደ አለችኝ፣ ብቻውን፣ ምርኩዙን እንኳ ሳይዝ፤ ተከትዬው ሄድኩ አለች። ሚስትየው በር ላይ ቆመው "አሁን ነው የምትመጣው?" አሉት። "አዎ፣ አሁን ነው" አላቸው። ወንበር አመጡለት፣ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነገራቸው። እሳቸው አልደነገጡም። "ስንት ጊዜ ሂድና ንገረው አልኩት" አሉ፣ "ልጁ ይውጣ፣ አሁን ብናገር አባቱ ያስቀረዋል፤ እኔና እሱ እዚሁ ነን፣ የት እንሄዳለን፣ አንድ ቀን እንታረቃለን አለኝ። ቀኑ ሲያልፍ ቀኑ አለፈ።" አባዬ ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ አለችኝ። እማዬ ስትሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

"ስጪኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ነው። ድምፁ ሻክሯል።

"ሰደብኩህ?"

"አልሰደብከኝም አባዬ።"

"ልሰድብህ ነበር፣ አቅም አጣሁ። እኔም የምሰደብ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያወቅሁትን ሰው ጥዬ አንድ መስመር ቀለም አመንኩ።" ተነፈሰ። "ሥራ ልትገባ ነው?"

"አዎ። አባዬ፣ መጽሐፉን ነገ በፖስታ ልላክልህ?"

"አትላከው። በሰው እጅ ተልኮ ነው የጠፋው። ራስህ ይዘኸው ና።"

"እሺ።"

"መቼ?"

የመኖሪያ ወረቀቴ አልተጨረሰም። ከወጣሁ አልመለስም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየመስኮቱ ስጠይቅ ጉዳይህ በሂደት ላይ ነው ይሉኛል። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አባዬ ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። "ሲያልቅልኝ" አልኩ።

"ይሁን" አለ አባዬ። "እኔ እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የጋሽ መርፌን ኮት ከበሩ አውርጄ በዩኒፎርሜ ላይ ደረብኩት። ከዚያ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ከመርፌ ሥር አንድ መስመር ቦታ አለች። እስክሪብቶ ፈልጌ ስሜን ጻፍኩበት። ከጎኑ ቀኑን፤ የዛሬውን አይደለም፣ የዚያን ኀሙስ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። መሰረዙ የአባዬ ሥራ ነው።